የመልአከ ገነት ፎቅ

እኔ ስወለድ ከሁሉ ቀድሞ የወጣው ምላሴ ነው እያሉ የሚቀልዱብኝ ጎረቤቶች አሉኝ። አልቀየማቸውም። ዝናሽ እባላለሁ፤ ሰቆጣ ውስጥ፣ ከገበያው ከፍ ብሎ ባለች ጠባብ ሱቅ ስልክ እጠግናለሁ። ይህ የማጫውታችሁ ነገር ሲደርስብኝ ከሱቄ ሌላ አንድ ኩራት ነበረኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ለሰንበት ትምህርት ቤታችን አዳራሽ ድንጋይና ውሃ እሸከም ነበር። ማንም አልቀጠረኝም፤ ማንም አይከፍለኝም። ትከሻዬ ሲላጥ እንኳ ደስ ይለኝ ነበር።

የሚከነክነኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። እኛ ድንጋይ ስንቀባበል የደብሩ አለቃ መልአከ ገነት ካሣ ከቢሯቸው ብቅ ይሉና «በርቱ ልጆቼ፣ ብድራችሁን እግዚአብሔር ይክፈላችሁ» ብለው መስቀላቸውን ከፍ አድርገው ይመለሳሉ። ምሳ ሲደርስ ደግሞ ካህናቱ ቤት ውስጥ ይቀድማሉ፤ እኛ ውጭ፣ አቧራችንን እያራገፍን እንጠብቃለን። ሲሳይ የሚባል አብሮኝ የሚያገለግል መምህር አለ፤ «ለእኛ የሚደርሰን የድስቱ ድምፅ ነው» ይል ነበር። ይላል እንጂ ጮክ ብሎ አይልም፤ ሲሳይ ከነብርም ከጅብም አብልጦ ግዝት ይፈራል።

አንድ ሐሙስ መልአከ ገነት ሱቄ መጡ። ስልካቸው ጆሮ ላይ ሲይዙት አያሰማም፤ የሚሠራው ድምፅ ማጉያው ብቻ ነው።

«ልጄ ዝናሽ፣ ይኸ ስልክ ምስጢር መጠበቅ አቃተው» አሉኝ እየሳቁ።

ገና ሳልፈታው ጮኸ። የደወሉት ባለቤታቸው ናቸው፤ ቤተሰባቸው የሚኖረው ገጠር ነው። ባልና ሚስቱ የሚያወሩት በኽምጣና፣ በዋግ አገው ቋንቋ ነው። እኔ ደግሞ የከተማ ልጅ ነኝ፤ ኽምጣናን ከአያቴ ጋር አብሬ ቀብሬዋለሁ። ግን በእኛ አገር ኽምጣና ሲወራ አማርኛ ጣል ጣል ይደረግበታል። ከዚያ ሁሉ ጨዋታ ጆሮዬ የለቀመችው እነዚያን ብቻ ነው። «ፎቁ» አሉ ባለቤታቸው። ትንሽ ቆይተው «ደረጃው» አሉ። ከዚያ «ተከራዮቹ» የሚል መጣ። መጨረሻ ላይ መልአከ ገነት ሙሉውን በአማርኛ «እስኪያልቅ ጎረቤት አስገቢያቸው፤ ኪራይ እንደሁ አይከፍሉ!» አሉና ሁለቱም ከት ብለው ሳቁ።

እኔ አልሳቅኩም። «አባቴ፣ ፎቅ እየሠሩ ነው እንዴ?» የሚለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት። ስልካቸውን ጠግኜ ሸኘኋቸው። እሳቸው ከወጡ በኋላ መዋጤ አንገበገበኝ። እኛ በተላጠ ትከሻ፣ እሳቸው በተከራይ!

የነገርኩት ለሲሳይ ብቻ ነው። በማግስቱ ግን ፎቁ በሰው አፍ መስታወት ገብቶለት፣ ሊፍት ሊገጠምለት ምንም አልቀረው። ዓርብ ከሰዓት አገልጋዮቹ ሁሉ ያላለቀው አዳራሽ ውስጥ ተሰበሰብን። ውሳኔው አጭር ነው፤ ቅዳሜ ሥራ የለም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጉባኤ ላይ አለቃው በሕዝቡ ፊት ይጠየቃሉ። «ማን ይናገር?» ሲባል ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ እንደሚባለው ነው፤ እሺ አልኩ። አልፌ ተርፌ «እውነት ከሆነ አገልግሎቱን እዚያው አስረክቤ እወጣለሁ፤ ተመልሼም አልመጣ» ብዬ ተናገርኩ። ከልቤ ነበር።

ከመካከላችን በዕድሜ የሚበልጡት እማማ ትርንጎ ናቸው። ጉልበታቸው ቢደክምም ውሃ ከመቅዳት ቀርተው አያውቁም። ሰው ሲበተን ክንዴን ያዝ አደረጉኝ።

«ልጄ፣ አየሽው?»

«ሰማሁት እማማ። በጆሮዬ።»

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። እሑድ ተነሥተሽ የተናገርሽው ውሸት ቢሆን ያን ቄስ ማን ያነሣዋል? እውነት ሆኖ ዝም ብትይ ደግሞ እኛን ማን ያነሣናል? ነገ ቅዳሜ ነው፤ ሂጂና እይው። ፎቅ እንደሁ አይደበቅ።»

ሴትየዋ በሁለት ዓረፍተ ነገር ሁለት ሸክም ጫኑብኝ። ሲሳይን «ነገ ወደ ገጠር እንሄዳለን» አልኩት። «ግዝት ቢመጣብንስ?» አለኝ። «ማየት አይገዘትም» አልኩት።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ወደ ዋጉ ዝቋላ በሚወርድ አይሱዙ ላይ፣ በጨው ጆንያና በጀሪካን መሐል ተሰቅለን ሄድን። መንገዱ ላይ አወረደንና ዳገቱን ተያያዝነው። አገሩ ድንጋይ ነው፤ ከድንጋዩ መሐል ማሽላ፣ ከማሽላው ዳር ፍየል። ሲሳይ ግማሹን ዳገት ተንፍሶ፣ ግማሹን አጉረምርሞ ጨረሰው።

አህያ የሚነዱ አንድ ሽማግሌ አገኘን። «የመልአከ ገነት ካሣ ቤት የት ይሆን አባቴ?» አልኳቸው።

«እንዲህ የሚባል ሰው እዚህ የለም።»

«የሰቆጣው አለቃ፤ ፎቅ የሚሠሩት።»

«መምሬ ካሣን ነው? እንደሱ በይኛ!» አሉ። ሰቆጣ መልአክ የሆነው ሰው መንደሩ ሲገባ መምሬ ነው ለካ። ከዚያ ከንፈራቸውን ነከስ አድርገው «አዎ፣ ፎቅ ነው። እንዴት ያለ ፎቅ! ደረጃው እንዳያዳልጣችሁ ብቻ» አሉና አህያቸውን ነድተው ሄዱ። ከኋላ ሳያቸው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ሳል መስሎኝ ነበር።

ጉብታው ላይ ስንደርስ ሲሳይ «ያውልሽ!» ብሎ ቆመ። ከማዶ አንድ ረጅም ቤት በአዲስ ቆርቆሮ ያብረቀርቃል። መስኮቱ ብዙ ነው፤ ግድግዳው ተቀብቷል። ያሰብኩት ሁሉ እውነት ሆኖ ፊቴ ቆመ። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ የእሑዱ ንግግሬ እኮ ተዋጣልኝ። ደስ ግን አላለኝም። ለካስ ከሰቆጣ ጀምሮ «ውሸት ይሁን፣ ውሸት ይሁን» እያልኩ ኖሯል የመጣሁት። ከእንግዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ምን ልሠራ ነው? አዳራሹ ሳያልቅ ሊቀር ነው? እዚያው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሲሳይ የውሃ ፕላስቲኩን ሰጠኝ።

ቤቱ ጋ ስንደርስ አንዲት ሴትዮ ከደጁ ልብስ ያሰጣሉ።

«እናቴ፣ ይኸ የመምሬ ካሣ ቤት ነው?»

ሴትየዋ ልብሱን ለቀው ሳቁ። «ይኸማ ትምህርት ቤት ነው! መምሬ ካሣ ከጀርባው ናቸው። ዛሬ ወንፈል አላቸው፤ ዘፈኑ አይሰማችሁም?»

እውነትም ይሰማል። ዞረን ስናይ ሰው በወንፈል፣ ዛሬ ለአንዱ ነገ ለሌላው በሚመለስ የጉልበት ብድር፣ ተሰብስቦ ቤት ይመርጋል። መሐል ላይ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት የጠቀለሉ፣ ጭንቅላታቸውን በጨርቅ ያሰሩ አንድ ሰው ከጭድ ጋር የተቀላቀለ ጭቃ ይረግጣሉ። ግራ ቀኝ እያሉ ሲረግጡ ወረብ የሚወርቡ ይመስላሉ። ቀና ሲሉ ዓይን ለዓይን ተጋጠምን። መልአከ ገነት ናቸው።

«በስመ አብ! ዝናሽ! ሲሳይ!» ብለው ጮኹ። «ማን ነገራችሁ? ከሰቆጣ ድረስ ለእኔ ወንፈል!» ወደ ሰዉ ዞሩ። «አያችሁልኝ የሰቆጣ ልጆቼን? አያችሁልኝ?»

መንደሩ በእልልታ ቀለጠ። ልንሳለም ጎንበስ ስንል ሁለቱም እጃቸው ጭቃ ነው። «መስቀሌን እንዴት ልያዘው? እግዚአብሔር ይባርካችሁ ብቻ ይብቃችሁ» አሉን። ሲሳይ አየኝ፤ እኔም አየሁት። በዚያ እልልታ መሐል «እኛ እንኳ ልንከስዎ ነበር የመጣነው» የሚል ጀግና ካለ እጁን ያውጣ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘነቡ መጥተው አገላብጠው ሳሙኝና እንስራ አሸከሙኝ። ሲሳይ ጫማውን አውልቆ ጭቃው ውስጥ ገባ። ልከሰው የመጣሁትን ፎቅ ስመርግ ዋልኩ።

ስለ ፎቁ ልንገራችሁ። ከድንጋይ የተካበ፣ የዱሮ ሰው የሚሠራው ዓይነት ቤት ነው፤ ታቹ የከብት፣ ላዩ የሰው፣ በውጭ በኩል ዙሮ የሚወጣ የድንጋይ ደረጃ ያለው። ባለፈው ክረምት ላዩ ተንዶባቸው ዘመድ ቤት ከርመዋል። አያቴም የተወለደችው እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ነበር፤ ስታወራልን እሰማ ነበር። እኔ ግን ፎቅ ሲባል የሚታየኝ መስታወት ነው።

ውሃ ይዤ ስመለስ ወይዘሮ ዘነቡ «ተመስገን፣ ነገ ተከራዮቼን እመልሳለሁ» አሉ።

እንስራውን ሳላወርድ ወደ እሳቸው ዞርኩ። «የትኞቹን ተከራዮች?»

በአገጫቸው ወደ ጎረቤት በረት ጠቆሙኝ። አንዲት ቀንደ ጎባጣ ፍየል በአጥሩ አናት አንገቷን አውጥታ ታየናለች። «እነሱን ነዋ! ታችኛውን የያዙት። መምሬ ኪራይ አይከፍሉም እያለ ነው የሚጠራቸው።»

ያን ቀን ስልኩ ውስጥ ፍየል ተብሎ ነበር፤ በኽምጣና። የከተማውን ቃል ሁሉ ሰምቼ፣ የገጠሩ አንድ ቃል አምልጦኝ ነው ይህን ሁሉ ዳገት የወጣሁት። እንስራውን አስቀምጬ ሳቅኩ። ወገቤን ይዤ፣ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅኩ። ወይዘሮ ዘነቡ በጨዋታቸው የሳቅኩ መስሏቸው እሳቸውም ሳቁ።

ከሰዓት በኋላ ምርጊቱ አለቀና ገበታ ቀረበ፤ የማሽላ እንጀራ በሽሮ፣ ንፍሮና ጠላ። ሁላችንም ከጭቃችን ጋር ክብ ሠርተን ተቀመጥን። መልአከ ገነት ግን አልተቀመጡም። ጠላ ይቀዳሉ፣ «ብላ እንጂ፣ ጨምሪ እንጂ» ይላሉ።

«አባቴ፣ አይበሉም?» አልኳቸው።

መልሱን ወይዘሮ ዘነቡ ነጠቁ። «በወንፈል ባለቤት መጨረሻ ነው የሚበላ! የረዳው ሰው ሳይጠግብ እሱ ይጉረስ?»

የሰቆጣው ምሳችን ትዝ አለኝ። ሰዉ እስኪበተን ጠበቅኩና፣ ባልና ሚስቱን ተከትለን ላይኛው ቤት ወጣን። ጠባብ ናት። ቁርበት የተነጠፈበት የጭቃ መደብ፣ መጻሕፍት የተቆለፉበት ሣጥን፣ አንድ የእህል ጎታ፤ በቃ። የእኔ ሱቅ ወለል ይሻላል።

«አባቴ» አልኩ፣ «እኛ ለወንፈል አይደለም የመጣነው።»

ሲሳይ ያስለው ጀመር። ሳሉን ከምንም ሳልቆጥር ከስልኩ እስከ ሊፍቱ ድረስ አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው። ወይዘሮ ዘነቡ ፊታቸው ጠቆረ። «ውይ ልጄ! ቤቴን ልትሰልይ መጥተሽ ነው እኔ አገላብጬ የሳምኩሽ?» አሉኝ። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። መልአከ ገነት ግን መጀመሪያ «ሊፍት?» አሉ፤ ከዚያ «ለፍየሎቹ ነው?» አሉና ሳቃቸው ቤቱን ሞላው። «ተይ ዘነቡ፤ ዝም ብላ አላማችንም። መጥታ አየች። እሰይ!»

«አልጨረስኩም» አልኩ።

«በይ ጨርሽው።»

«እዚህ ለረዳዎ ሁሉ ወንፈል ይመልሳሉ። ባለቤት ስለሆኑ መጨረሻ ይበላሉ። ሰቆጣ ግን እኛ ስንሸከም ባርከውን ይገባሉ፤ ሲበላም ቀድመው ይበላሉ። ምነው አባቴ፣ እኛ ጎረቤት አይደለንም?»

ከታች፣ ከጎረቤት በረት፣ ፍየሎቹ ጮኹ። ሲሳይ ዓይኑን ጨፍኗል፤ ግዝቱን እየጠበቀ ይመስለኛል።

«ይኸኛው እውነት ነው» አሉ በመጨረሻ፣ ቀስ ብለው። «ለእግዚአብሔር ነው የሚሠሩ፣ እሱ ይክፈላቸው እያልኩ የእኔን ወንፈል ሁሉ ለእሱ ሳሻግርበት ኖሬያለሁ።»

ወይዘሮ ዘነቡ ቁጣቸው ገና አልበረደም፤ ያን ቁጣ ይዘው ወደ ባላቸው ዞሩ። «እንግዲያ የዛሬውን ማን ሊመልስላቸው ነው? ሰላይም ይሁኑ ሌላ፣ ቤቴን መርገውልኛል!»

«እኔ ነኛ! የሚመጣው ቅዳሜ እኔ ነኛ!» አሉ መልአከ ገነት።

ጀምበር ሳትጠልቅ ሦስታችንም ወርደን በአይሱዙ ተመለስን። ሾፌሩ አለቃውን ጋቢና ቢጋብዛቸው አንዲት ልጅ ያዘለች እናት አስገቡበትና ከእኛ ጋር ከኋላ ጆንያ ላይ ተቀመጡ። መንገድ ላይ «ነገ ሁለቱንም ተናገሪ» አሉኝ። «የፎቁን ብቻ ከተናገርሽ ውዳሴ ይሆንብኛል፤ የወንፈሉንም አትደብቂልኝ።»

እሑድ ጉባኤው ጢም ብሎ ሞላ። ወሬው ያልደረሰው ሰው አልነበረም። ተነሣሁ። እማማ ትርንጎ ከፊት ተቀምጠው ያዩኛል።

«ፎቁን አይቼዋለሁ» አልኩ።

ሕዝቡ ጉምጉም አለ።

«አይቼው ብቻ አይደለም፤ ራሴ መርጌዋለሁ። ጥፍሬ ውስጥ ያለውን ጭቃ የሚጠራጠር መጥቶ ይይ!»

ከዚያ ሁሉንም ተናገርኩ። ተከራዮቹ ጋ ስደርስ ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ተንፈራፈሩ። የወንፈሉን ስናገር ግን ሳቁ ቆመ። መልአከ ገነት ከመቀመጫቸው ተነሥተው «እውነቷን ነው፤ ቅዳሜ እንገናኝ» አሉና ተቀመጡ። እማማ ትርንጎ እልል አሉ። የሚያምር ድምፅ የላቸውም፤ እኔ ግን እንደዚያ ደስ ያለኝ እልልታ ሰምቼ አላውቅም።

በቀጣዩ ቅዳሜ እውነትም መጡ፤ ያችን ጭንቅላታቸው ላይ የሚያስሩትን ጨርቅ አስረው። ድንጋይ ሲያነሡ አንዱ ሮጦ «አባቴ፣ ልያዝልዎ» ይላል፤ ሌላው «እኔ እያለሁ!» ይላል። በመጨረሻ ተቆጡ። «ወንፈሌን አትቀሙኝ! ሂዱ፣ የየራሳችሁን ተሸከሙ!» ምሳ ሲደርስ ወጡን ይዘው የቀረቡት እሳቸው ናቸው። የመጀመሪያው ሳህን ለእማማ ትርንጎ ደረሰ። ካህናቱ ሁሉ መጡ አልላችሁም፤ አንዳንዱ እስከ ዛሬ ወገቤን ይላል። የመጡት ግን ጥቂት አልነበሩም፤ አዳራሹም ቆመ።

እናንተ አንባቢዎቼ፣ «ካህን አይጠየቅም» የምትሉ ሰዎች እንዳላችሁ አውቃለሁ። እኔ ዛሬም እላለሁ፤ ይጠየቃል። ድንጋይ የሚሸከም ሰው፣ የሚያሸክመው ሰው እንዴት እንደሚኖር ቢጠይቅ ነውር የለበትም። ብቻ ጥያቄያችሁን በጆሯችሁ ብቻ ተማምናችሁ አትጠይቁ፤ ዳገቱን ውጡት። እዚያ ስትደርሱ ከጠረጠራችሁት አንዱ ውሸት፣ ሌላው እውነት ሆኖ ታገኙት ይሆናል፤ ሁለቱንም ተናገሩ። እኔ ያን ቅዳሜ ባልሄድ ኖሮ ወይ አንድ ሰው አዋርጄ፣ ወይ ከቤተ ክርስቲያኔ ተኮራርፌ እቀር ነበር። ኽምጣናም መማር ጀምሬያለሁ፤ የመጀመሪያዋ ቃሌ ምን እንደሆነች መገመት አያቅታችሁም።

አንዲት ነገር ጨምሬ ላብቃ። አሁን የሰንበት ትምህርት ቤቱ የልማት ክፍል ኃላፊ ሆኛለሁ። በቅርቡ ሁለት ወጣት አገልጋዮች፣ ከእናቶቻቸው ቀሚስ ገና የወጡ የሚመስሉ፣ ቤቴን አንኳኩ።

«እኅት ዝናሽ፣ ይቅርታ» አለች አንደኛዋ፣ መሬት መሬት እያየች፤ «ቤትሽን ልናይ ነው የመጣነው። ፍሪጅ ገዛች፣ ሶፋ አስገባች ይባላል።»

ምላሴ ሊነሣ ነበር። ከዚያ ሳቄ ቀደመውና በሩን በረገድኩት። «ፍሪጁ እውነት ነው፤ ሶፋው ውሸት» አልኳቸውና ቀዝቃዛ ውሃ ቀዳሁላቸው። መኝታ ቤቴንም፣ ጓዳዬንም ዓይናቸው እስኪጠግብ አዩ።

ሊወጡ ሲሉ ያች ደፋሯ ዞር አለች። «ፍሪጁስ ግድ የለም፤ እንኳን ደስ ያለሽ። እኛን ያሳሰበን ሰሞኑን ቅዳሜ ቅዳሜ መጥፋትሽ ነው።»

«ስብሰባ እየበዛብኝ ነው» አልኳት።

ትከሻዬን ብቻ አየችው፤ ከዳነ ቆይቷል።

ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ተነሥቼ ሄድኩ። አሁን የምንሠራው የአብነት ተማሪዎች ማደሪያ ነው። የመጀመሪያውን ድንጋይ ያቀበለችኝ እሷ ናት፤ ከባዱን መርጣ።